አከራይዋ ነኝ አልኳት

እሑድ፣ ጥቅምት 9 ቀን፣ ከቀትር በኋላ

ለፌንጣዬ፣

እንዴት ነሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም በአፍንጫሽ ነው የምታወሪው? ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ አይጣል ነው አሉ። ያችን ወፍራም ሹራብ የሰጠሁሽ ሻንጣ እንድታሞቅልሽ አይደለም፤ አውጥተሽ ልበሻት። እኔ ደህና ነኝ። የቀኝ አውራ ጣቴ ብቻ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ይለኛል፤ ካውያ ስይዝ ግን ይፍታታል። ላውንደሪ ቤቱም እንደተውሽው ነው፤ የሆቴሉ አንሶላ ይመጣል፣ ይተኮሳል፣ ይሄዳል።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። ወደዚያ የሚመላለሰው አውቶቡስ ሾፌር በእጁ እንዲሰጥሽ፣ ያውም ከምትማሪበት ግቢ ውጭ አስጠርቶ እንዲሰጥሽ አደራ ብዬዋለሁ። ለምን እንደሆነ ስታነቢ ይገባሻል። ማንም ሳያይሽ አንብቢው። ደግሞ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ቆመሽ ስታነቢ መሃሉን እየዘለልሽ መጨረሻው ጋ ነው የምትደርሺው፤ አውቅሻለሁ።

ከድተሽኛል ፌንጣ። ለዚህ ነገር ሌላ ቃል ፈልጌለት ነበር፤ ሦስት ወረቀት ቀድጄ አላገኘሁለትም። ሌላውን ከመጻፌ በፊት ይኸው ጻፍኩት፤ አለዚያ በየመስመሩ መሃል እየገባ ያስቸግረኝ ነበር። የምታውቂውንም ጭምር ከሥሩ እነግርሻለሁ። ነገሩን ከእኔ በኩል ቆመሽ አይተሽው ስለማታውቂ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ስወጣ የከተማው አዳራሽ በር ላይ ያለው ሰሌዳ ጋ እንደምቆም ታውቂያለሽ። «ለተማሪዎችና ለቤተሰቦች፣ የሳምንቱ ዝግጅቶችና ዕድሎች» ይላል ከላይ በትልቁ። እናትሽ ሞታ ወደ እኔ ስትመጪ አምስት ዓመትሽ ነበር፤ እኔ ደግሞ ልጅ አሳድጌ አላውቅም። እህቴን ቀብሬ ስመለስ እጄ ላይ የተረፍሽው አንቺ ነሽ። ምን እንደማደርግሽ ግራ ሲገባኝ ያ ሰሌዳ ነው የደረሰልኝ። ነፃ የሆነውን ሁሉ በሰማያዊው ደብተር ገልብጬ ቅዳሜ ይዤሽ እወጣ ነበር።

የቼዝ ትምህርት ለጀማሪዎች፤ ሄድን። እኔ ፈረሱ እንዴት እንደሚሄድ እስከ ዛሬ አልገባኝም፣ አንቺ ግን በሦስተኛው ሳምንት አሠልጣኙን በላብ አጠመቅሽው። የዓይን ምርመራ፤ ሄድን። ያንቺ ዓይን ደህና ሆኖ የኔ ነው ጉድ የተባለው። ሕፃናት ለሕፃናት የሚያነቡበት ሰዓት፣ የመጻሕፍት መለዋወጫ ቀን፣ ስለ ወንዝ ዓሦች የተሰጠ ገለጻ ሳይቀር ሄድን። ገለጻው ላይ ከተናጋሪው ሌላ የነበርነው እኔና አንቺ ነን፤ ሰውዬው አሳዝኖኝ ሁለት ጥያቄ ጠየቅሁት። አንድ ጊዜ ደግሞ «የአባትና ልጅ የወረቀት አውሮፕላን ውድድር» የሚል ወጣ። አንቺ አልሄድም ብለሽ አኮረፍሽ። እኔ እጅሽን ይዤ ሄድኩ። የአዳራሹ ኃላፊ፣ ያ ሳይጮህ ማውራት የማይችለው፣ አንቺው ማይክራፎን ብለሽ ስም ያወጣሽለት ሰውዬ፣ በር ላይ ቆሞ «አባት ነው እኮ የሚለው!» ሲለኝ «እንግዲያው ከውስጥ አንድ አውጣልኝና ላወዳድረው» አልኩት። አስገባን። አውሮፕላናችን ጣሪያው ላይ ተሰክቶ ቀረ።

የቤተሰብ የጥያቄና መልስ ውድድሩንስ? አሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር። የሌላው ቤተሰብ አምስትም ስድስትም ሆኖ ወንበር ሞልቷል፤ እኛ ሁለት ነን። ማይክራፎን መድረክ ላይ «ሌሎቹ ቤተሰቦቻችሁስ የት አሉ?» ብሎ ድምፅ ማጉያውን አፍሽ ላይ ሲደቅነው «ሁለት ነን፤ አልጎደልንም» አልሽ። አዳራሹ ሙሉ አጨበጨበ። አንደኛ ወጣንና ያ ቀዩ ቴርሞስ ተሰጠን፤ ወገቡ ላይ «የዓመቱ ምርጥ ቤተሰብ» ተብሎ የተጻፈበት። ፎቶ አነሱን። ፎቶውን አዳራሹ ውስጥ መድረኩ አጠገብ ሰቀሉት። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብዬ ሳላየው አላልፍም ነበር።

እንግዲህ በሚያዝያ የሆነውን አስታውሺ። ሰሌዳው ላይ ያሁኑ ተቋምሽ ማስታወቂያ ወጣ። «ወላጅም አሳዳጊም ለሌላቸው ጎበዝ ተማሪዎች፣ የሦስት ዓመት ትምህርት ከመኝታና ከምግብ ጋር።» አንብቤው ወደሚቀጥለው ወረቀት አለፍኩ። አንቺ ከጎኔ ነበርሽ። «እቴቴ፣ ይሄን ምነው አልጻፍሽውም?» አልሽኝ። «የኛ አይደለም፤ ይሄ ሰው ለሌላቸው ልጆች ነው» አልኩሽ። እንዴት ተኩራርቼ እንደተናገርኩት ሳስበው አሁን ያመኛል። አንቺ ግን ቤት እስክንገባ ድረስ ስለ ጫማሽ ሶል ነው ያወራሽኝ።

ሐምሌ ላይ ፈንጥዘሽ መጣሽ። «በፈተና አለፍኩ፣ ከከተማው ሁለት ልጅ ብቻ ነው የወሰዱት» አልሽኝ። የትኛው ተቋም እንደሆነ ስጠይቅሽ ስሙን በእንግሊዝኛ አሳጥረሽ ነገርሽኝ፤ እኔም ደስታው አደንቁሮኝ አልመረመርኩሽም። ላውንደሪ ቤት ሦስት ቀን ሙሉ ስላንቺ አወራሁ፤ እንፋሎቱ ያፈነው ሰው ሁሉ እኔን ለማምለጥ ውጭ ይወጣ ጀመር። የምትሄጂ ቀን ደግሞ «መኪናው ጋ አትምጪ፤ የማንም ቤተሰብ አይመጣም» አልሽኝ። እውነትሽን ነው። የማንም ቤተሰብ አልመጣም፤ የላቸውማ። እኔ ጅሏ በር ላይ ስሜ ሸኘሁሽና ትልቅ ሰው ሆናለች፣ ሰው ፊት መሳም አፍራ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ የተማሪዎችና የቤተሰቦች ቀን ነበር። ብቻዬን ምን ልሠራ እንደምሄድ አላውቅም፤ እግሬ ለምዶት ወሰደኝ። እንደ ወትሮው በየጠረጴዛው ሰው ተሰልፏል፤ በዚህ በኩል የኮሌጅ ምዝገባ፣ በዚያ በኩል የጥርስ ምርመራ፣ መሃል ላይ ፊታቸውን ቀለም የተቀቡ ሕፃናት ይሯሯጣሉ። «ዕድሉን ያገኙ ልጆቻችን» የሚል ሰሌዳ አቁመዋል። ፊትሽን ከሩቅ አየሁት። ሰው እየገፋሁ፣ «የኔ ናት፣ የኔ ናት» እያልኩ ነው የደረስኩት። አንዷን እናት ክርኗን ይዤ ጭምር ጎተትኳት እንድታይልኝ።

ከፎቶሽ ሥር ያለው ጽሑፍ ይኸውልሽ፤ በቃሌ ይዤዋለሁ። «እናቴ ስትሞት አምስት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው የለኝም። በአንዲት ልብስ ተኳሽ ቤት አንድ ጥግ ተከራይቼ፣ ኪራዩን በጉልበቴ እየከፈልኩ፣ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት የሰው አንሶላ እያጠፍኩ ተማርኩ። ወደዚህ አዳራሽ ዝግጅቶች ብቻዬን እመጣ ነበር።»

ያች እናት ክርኗን ቀስ ብላ አስለቀቀችኝ። «የኔ ናት» ስል ሰምታለች፤ ጽሑፉንም አንብባለች። ምን እንዳሰበች እንጃ።

«ኪራይ» የሚለው ጋ ስደርስ ሳቅ መጥቶብኝ ነበር፤ እውነቴን ነው። አንሶላ ያጠፍሽው መቼ ነው? ክረምት ላይ ቤት ሰለቸኝ እያልሽ ስትመጪ የትራስ ልብስ እሰጥሽ ነበር፤ ካጠፍሽው ከአሥሩ ስድስቱን እንደገና ያጠፍኩት እኔ ነኝ። «ብቻዬን» የሚለው ጋ ግን አጠገቤ የነበረውን የጥርስ ምርመራ ጠረጴዛ ያዝኩ። የጥርስ ሐኪሞቹ ደግፈው ወንበራቸው ላይ አስቀመጡኝ። የመጣሁት ለጥርሴ መስሏቸው አንዱ መብራት አብርቶ «አፍዎን ይክፈቱ» አለኝ። ከፈትኩለት። ምን አደርጋለሁ? ሁለት የተበላ መንጋጋ አለኝ አሉ።

ከዚያ ማይክራፎንን ፈልጌ አገኘሁትና ጎትቼ ሰሌዳው ፊት አቆምኩት። «አንተ አይደለህም ወይ የሰቀልከው?» አልኩት። «እኔ ነኝ። ከተቋሙ ተጠቅልሎ መጣ፣ ፎቶዋን አይቼ ደስ ብሎኝ ሰቀልኩት፤ ጽሑፍ ደግሞ ማን ያነባል?» አለኝ። አሁን አነበበው። ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ፤ ሰውዬው እንዲህ ሲናገር ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

«እህቴ፣ ረቡዕ ከተቋሙ አጣሪ ትመጣለች። የወሰዷቸውን ልጆች በየዓመቱ ቤት ለቤት ሄደው ያጣራሉ።»

«አጣርተውስ?»

«አሳዳጊ ያለው ሆኖ ከተገኘ ይመልሱታል። ቦታውን ለተጠባባቂ ይሰጡታል። የዘንድሮ ምዝገባ ደግሞ የትም አልቋል፤ ልጅቷ ዓመቱን ቤት መቀመጧ ነው። ‹አታለለች› ተብሎ የተጻፈባትን ልጅ ከዚያ በኋላ ማን እንደሚወስዳት እንጃ።»

ከዚያ እሱ ቀና ብሎ መድረኩ አጠገብ ወዳለው ግድግዳ አየ። እኔም አየሁ። እኔና አንቺ ቴርሞሳችንን ታቅፈን ጥርሳችን ሁሉ ተቆጥሮ እስኪያልቅ እየሳቅን ነው። ሥሩ ላይ «አክስትና የእህት ልጅ፣ አንደኛ» ይላል። አጣሪዋ አዳራሹን ሳታይ አትሄድም።

ወንበር አምጥቶ ላዩ ላይ ወጣና ፎቶውን አወረደው። የሰቀለውም እሱ ነበር። ግድግዳው ቦታው ላይ ነጥቶ ስለቀረ የእሳት ማጥፊያ አጠቃቀም መመሪያ ለጠፈበት። ፎቶውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝና «ምን ልበላት?» አለኝ። «ምንም አትበል። ስትጠይቅህ እንደ ሌላው ሰው ቀስ ብለህ አውራ፣ ትደነግጥና ትሄዳለች» አልኩት። ሁለታችንም ትንሽ ሳቅን። ቤት ገብቼ ነው ያለቀስኩት።

ሰኞንና ማክሰኞን ካውያው ላይ ቆሜ ሁለት ዓይነት ንግግር ሳጠና ዋልኩ። አንደኛው እውነቱ ነው። «አከራይ? እኔ? በቆዳ በሽታ ስትታመም ሁለት ወር ጀርባዋን ስቀባ የነበርኩት አከራይ ሆኜ ነው?» የሚለው። እሱን ሳጠና ደስ ይለኝ ነበር። እንዴት እንደምትደነግጪ፣ ሻንጣሽን እየጎተትሽ እንዴት እንደምትመለሺ፣ በሩን ከፍቼ እንዴት ዝም ብዬ እንደማይሽ ጭምር አስቤዋለሁ። ክፉ ሐሳብ ነው። ግን አሰብኩት፤ ይኸው አልደበቅሁሽም። ከሁለቱ የትኛውን እንደምናገር እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ አላውቅም ነበር።

ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ መጣች። ወጣት ናት፤ መለል ያለች፣ ጫማዋን ጭቃ የነካው፣ ክላሰር የታቀፈች። ገና በር ላይ «የተማሪዋ አከራይ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«አዎ፣ አከራይዋ ነኝ» አልኳት።

አስገባኋትና ሻይ ቀዳሁላት። በምን ቀዳሁላት መሰለሽ? በቀዩ ቴርሞስ። እጄ ለምዶት እንጂ አስቤ አይደለም። ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ጽሑፉ ወደ እሷ ዞሯል። «የዓመቱ ምርጥ ቤተሰብ» ብላ ጮክ ብላ አነበበችው። «ከአሮጌ ዕቃ ተራ ነው የገዛሁት። የማን እንደነበር እንጃ፣ ሙቀት ግን ይይዛል» አልኳት። ፈገግ ብላ ጠጣች።

ከዚያ ክላሰሯን ከፈተች።

«ዝምድና አላችሁ?»

«የለንም።»

«ኪራይ ትከፍል ነበር?»

«በጉልበቷ።»

«ምን ትሠራልዎት ነበር?»

«ከሆቴል የሚመጣ አንሶላ ታጥፍልኝ ነበር።»

«ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት? በስንት ሰዓት ትነሳ ነበር?»

እዚህ ላይ ተያዝኩ። አንቺ እኮ ሰባት ጊዜ ተጠርተሽ፣ ብርድ ልብስሽ ተገፎ፣ እግርሽ ተጎትቶ የምትነሺ ልጅ ነሽ። «አሥራ አንድ ሰዓት» አልኳት። ጻፈችው። ጽፋ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝ፤ እንዴት ብላ እንዳየችኝ ልነግርሽ አልችልም። «ልጅ ነበረች እኮ» አለችኝ። «ኑሮ ነው» አልኳት። ሻይዋን ግማሽ ላይ ትታ ብርጭቆውን ከፊቷ ገፋ አደረገችው።

«ለነገሩ እሷ ስለ እርስዎ ክፉ አልተናገረችም። ‹ሴትዮዋ ክፉ አይደሉም፣ ሥራ ስለሚበዛባቸው ነው› ነው ያለችው» አለችኝ፤ ልታጽናናኝ መሆኑ ነው።

ሴትዮዋ። አሥራ ሁለት ዓመት እቴቴ ስትይኝ ኖረሽ፣ ለማታውቂያቸው ሰዎች ስትነግሪያቸው ሴትዮዋ ሆንኩ። ክፉ አይደሉም ስላልሽኝ ላመስግንሽ ይሆን? አላመሰግንሽም።

መጨረሻ ላይ አንድ ወረቀት ፊቴ አስቀመጠች። «ተማሪዋ በቤቴ የኖረችው በኪራይ ሲሆን ዘመድዋም አሳዳጊዋም አይደለሁም» ይላል። አነበብኩት። ፈረምኩ። ልትወጣ ስትል «በዕረፍት ጊዜ ወደዚህ ትመለሳለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ማይክራፎን አስጠንቅቆኛል፤ ማረፊያ ያላቸው ልጆች ይመዘገባሉ፤ ከተመዘገቡ ደግሞ ጥያቄው እንደ አዲስ ይጀመራል። «ለምን ትመለሳለች? ቦታው ተይዟል» አልኳት።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ለዚህ ነው፤ ደግመሽ አንብቢው። አጣሪዋ ስትወጣ እንደነገረችኝ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንቺንም ትጠይቅሻለች፤ ቃላችን እንዲገጥም። የምትነሺው አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። የምታጥፊው አንሶላ እንጂ ትራስ ልብስ አይደለም። የምትተኚው ከመስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ነው፤ እሱን አይታዋለች። ሻይ በቀይ ቴርሞስ እንጠጣ ነበር ብለሽ እንዳታወሪ፤ እሱ ከአሮጌ ተራ የተገዛ ነው። ወደ አዳራሹ ማን ይወስድሽ ነበር ካለችሽ ማንም በያት። ማይክራፎን አያውቀኝም፣ እኔም አላውቀውም። ስለ እኔ ስትናገሪ ዓይንሽ እንዳይቀላ። አንቺ ስትዋሺ አትታወቂም፤ ይህንን ዘንድሮ ነው ያወቅሁት። የትምህርት ቤቱን መዝገብ እንዴት እንዳለፍሽው ግን አላውቅም፤ እንዳትነግሪኝም።

ደግሞ «ላንቺ ብዬ ነው፣ እጅሽ አሳዝኖኝ ነው» እንዳትይኝ። እጄ የኔ ነው። ወላጅ የለኝም ማለትሽ እውነት ነው፤ እህቴ አፈር ውስጥ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ ትምህርት በእኔ ደሞዝ እንደማይገኝም አውቃለሁ። የሚያንገበግበኝ ውሸቱ አይመስልሽ። ብትነግሪኝ ኖሮ አብሬሽ እዋሽ ነበር። ወንበር ስቤ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ «አከራይዋ ጨካኝ ናት በዪ፣ አኩራፊ ናት በዪ» እያልኩ እያሳቅሁሽ ነበር የምንጽፈው። ያኔ እኔ አክስትሽ ሆኜ አከራይ መሰልኩ ማለት ነው። አንቺ ግን ሰው ፊት የሰረዝሽኝ ለእኔም ሳትነግሪኝ ነው። ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ፤ በየቀኑ አብረሽኝ ራት እየበላሽ፣ በደብተርሽ ላይ «ሰው የለኝም» እያልሽ ረቂቅ ትጽፊ ነበር። ምናልባት እኔው ነኝ ያን ጊዜ ሻይ የቀዳሁልሽ።

አንድ ሌላም ነገር አለ። ማይክራፎን ተጠባባቂ ሲል ልጅ ማለቱ ነው። እውነት ሰው የሌላት፣ በሰሌዳው ፊት ቆማ «ይሄ የኔ ነው» ያለች ልጅ። ማን እንደሆነች አላውቅም። እኔ ፈርሜ እሷን አስቀርቻለሁ። እየተማርሽ አንዳንዴ አስቢያት፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ሳስባት ነው የምውለው።

አልጋሽን አከራየሁት። አጣሪዋ ድንገት ተመልሳ ብትመጣ ባዶ አልጋ እንዳታገኝ ነው፤ ይህ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ንዴት ነው። የትኛው እንደሚበልጥ አትጠይቂኝ። ጤና ጣቢያው አዲስ የተመደበች ነርስ ናት፤ ነገ ትገባለች። ልብስሽን በካርቶን አድርጌ ቁም ሣጥን ላይ አውጥቼዋለሁ። ትናንት ቤቱን ልታይ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ነጠር ነጠር አለችና «ደህና ነው፤ የማን ነበር?» አለችኝ።

«የተከራይ ነበር፤ ለቃ ሄደች» አልኳት።

ረቡዕ ለት ለአጣሪዋ ስናገረው ጉሮሮዬን ቧጦ ነበር የወጣው። ለነርሷ ስነግራት ግን ምንም አላለኝም፤ እንደ ማንኛውም ወሬ ወጣልኝ። ሦስት ዓመት ደግሞ ረጅም ነው ፌንጣ። ማን እንደነበርሽ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም፤ እኔም በጠየቁኝ ቁጥር ይህንኑ እላለሁ። የፈራሁት እሱን ነው።

በርትተሽ ተማሪ። ምግብ አትዝለይ። ፈጣሪ ክፉ አያሳይሽ፣ ከእንግዲህ የሚወድሽን ሰው ደግሞ አስቀድመሽ የምታማክሪበት አንደበት ይስጥሽ። መልስ አትጻፊልኝ፤ ለአከራይ ማንም ደብዳቤ አይጽፍም። ይህንንም አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው። ስሜን ከታች ያልጻፍኩት ድንገት ሰው እጅ ቢገባ ብዬ ነው። አንቺ በእጅ ጽሑፌ ታውቂኛለሽ፤ ፊደል ያስቆጠርኩሽ በዚሁ እጅ ነው።